ከጨርቁ ስር የተዘጋ ቁጥር

«ዜሮ! ዜሮ ነው የሚለው ሊባን! ሃያ አራት ብልቃጥ፣ እያንዳንዱ ሶስት ሶስት ጊዜ ተነቦ፣ ልዩነቱ ዜሮ!»

«ታዲያ ዜሮ ጥሩ አይደለም እንዴ ቲቸር? ስህተት የለም ማለት እኮ ነው።»

«ስህተት የሌለው ልኬት የለም! አንድ ሰው ቁመቱን ሶስቴ ቢለካ እንኳን ትንሽ ይለያያል!»

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት።»

ቲቸር ሀይማኖት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። ቁጥር በሳጥን በሳጥን ተደርድሯል፤ ዳር ላይ ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ለኔ ያምራል። እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ተናደደች እንዳልላችሁ፣ መናደድም ጉልበት ይጠይቃል። አምስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ስንደጋግም ከርመን ሁለታችንም አልቆልናል። በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ውጪ የጅጅጋ ንፋስ አቧራውን መስኮቱ ላይ ይደፋዋል።

«ሐሙስ ዶክተር ሀብተየስ ይመጣል» አለች። «ዛሬ ሰኞ ነው። ሐሙስ ካልፈረመልኝ ማስተርሱ ቀረ። ማስተርሱ ከቀረ ኮንትራቴ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል፣ ሽንሌ ልመለስ ነው።»

ሽንሌ አምስት ዓመት አስተምራለች። ጠመኔው ሳይቀር ያልበዋል ትላለች። እኔ ሽንሌ ዘመድ ስላለኝ እንደዛ ስትል ደስ አይለኝም፣ ግን እውነቷን ነው፣ ያልበዋል።

ዶክተር ሀብተየስ አማካሪዋ ነው፣ ከአዲስ አበባ። እኔ ደግሞ በወረቀት ላይ ጽዳት ነኝ። የላቦራቶሪ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ቦቴው ሲመጣ ውሃ እቀዳለሁ። በተግባር ግን ያ ሁሉ ስራ የተሰራው በሁለታችን እጅ ነው፣ በእሷና በኔ።

ስራው ምን መሰላችሁ። አንድ ኬሚካል አለች፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የምትሸት። እሷን ስትቀይራት መንትዮች ይወጣሉ፣ ልክ እንደ ቀኝ እጅና ግራ እጅ። አንድ ዓይነት ናቸው፣ ግን የቀኙ ጓንት ለግራው አይሆንም። መድሃኒት ለሚሰራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው አንደኛው ብቻ ነው አሉ። ዝም ብለህ ከቀየርካት ግማሽ ቀኝ ግማሽ ግራ ሆና ተደባልቃ ትወጣለች። እኛ የምንፈልገው ግራውን ነው። ስለዚህ ወደ ግራ እንድትሄድ የሚያግባባት ነገር ትጨምርባታለህ፣ ካታሊስት ይሉታል። ቲቸር ይሄንን ግማሽ ቀን ስታስረዳኝ ቆየችና እኔ «ደላላ ነው በይኛ!» አልኳት። ያገናኛል፣ ያስማማል፣ እሱ ራሱ እንደገባ ይወጣል።

«አዎ፣ ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ» አለች።

እንደዛ ያለ ደላላ ጅጅጋ ውስጥ የለም።

ሶስት ደላላ ነው ያወዳደርነው። አንደኛዋ ከጀርመን የመጣች፣ አውራ ጣቴን የምታክል ጠርሙስ ናት፤ ፍሪጅ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና ትቀመጣለች። ሁለተኛው የዳቦ እርሾ። ሶስተኛው፣ ሳቁ ካላችሁ ሳቁ፣ ካሮት። ማርዎ ከምትባል ሴትዮ ገበያ የምገዛው ካሮት። ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ውሃ ውስጥ ከኬሚካሏ ጋር ሶስት ቀን ይናጣል። እርሾው አረፋ ደፍቆ ጠረጴዛ ከማበላሸት ሌላ ቁም ነገር ስላልሰራ በጊዜ ተውነው። ፉክክሩ የጀርመኗና የካሮቱ ሆነ፣ አስራ ሁለት ብልቃጥ ለእሷ፣ አስራ ሁለት ለእሱ።

የሚንጥ ማሽን አለን። መብራት ሲሄድ ይቆማል። መብራት ደግሞ ሲሄድ ለመምጣት አይቸኩልም። ስለዚህ ማሽኑ እኔ ነኝ። ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አቅፌ ስንጥ እውላለሁ፤ እናቴ ወተት ስትንጥ እንኳን እንደኔ አልደከመችም። ጀርመኗስ? ጠብ ትደረጋለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ጨረሰች። ላብ የላት፣ ክንድ የላት። እንዴት አትናደድባትም?

ከዛ መለካት ነው። ፖላሪሜትር የሚባል እቃ አለ፣ በአንድ ጫፍ ቢጫ መብራት፣ መሃል ቱቦ፣ በሌላው ጫፍ ዓይንህን የምታስጠጋበት። ስታይ አንድ ክብ ለሁለት ተከፍሎ ይታይሃል፣ ግማሹ የደመቀ፣ ግማሹ የጨለመ። ማዞሪያውን ቀስ እያልክ ታዞራለህ፣ ሁለቱ ጎን እኩል እስኪደበዝዝ። እኩል ሲሆን ቁጥሩን ታነባለህ። ቲቸር ሂሳቡን የሰራችበት ሰንጠረዥ አጠገብህ አለ፣ እሱን ታያለህ። ሁሉም ግራ ከሆነ አርባ ሶስት ይመጣል። ቀኝ ከተቀላቀለበት ይወርዳል። እቃው አርጅቷል፣ እጅህ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሶስት አራት ቁጥር ይዘላል። ለዛ ነው «እያንዳንዱን ሶስቴ አንብብ፣ ሶስቱንም ጻፍ» የተባልኩት። ጨለማ ስለሚፈልግና መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ጥቁር ጨርቅ ጭንቅላታችን ላይ ጥለን ነው የምናነበው።

እኔ አንባቢ የሆንኩት በተንኮሌ ነው። ስኳር መብራቱን እንደሚያዞረው ስትናገር ሰማሁና አንድ ቀን ሳታየኝ የሁለት ሻይ ቤት ሻይ ቱቦው ውስጥ ጨምሬ ለካሁ። አንደኛዋ ሻይ ቤት ስኳር እንደምትቆጥብ በሳይንስ አረጋገጥኩ፣ ሄጄም ደንበኞቿ ፊት ነገርኳት። እስካሁን አታስገባኝም። ቲቸር ስትሰማ ቱቦውን አስር ጊዜ አሳጠበችኝ። ከዛ ሻዩን ራሷ ለካችው። ያልኩት ቁጥር መጣ። «ዓይንህ ግን ጥሩ ነው» አለች። ወባ ይዟት ስትተኛ ንባቡን ለኔ ሰጠችኝ፣ ስትነሳም አልወሰደችብኝም። ደክሟት ነበር።

«በል ና» አለችኝ አሁን ሰኞ ዕለት፣ ጫማዋን ሳታጠልቅ። «እንዴት እንዳነበብክ አሳየኝ። እያነበብክ ጩህ።»

አንድ የካሮት ብልቃጥ ቱቦው ውስጥ ገለበጥኩ፣ ጨርቁን ጣልኩ፣ ማዞር ጀመርኩ።

«ሠላሳ አንድ» አልኩ።

«እሺ ጻፍ።»

«አይ፣ ይሄ አይጻፍም። የተጠራ ዋጋ ነው።»

«ምንድነው?»

«ጠብቂያ። ሠላሳ ስድስት። ይሄም ገና ነው። ሠላሳ አራት፣ አይ፣ እንዳልሰማሽ... አርባ አንድ! ተዘጋ።» ጨርቁን ገልጬ ወጣሁ። «አርባ አንድ ጻፊ። ሶስቴ።»

«ሠላሳ አንዱስ?»

«እሱማ ክርክር ነው ቲቸር። ክርክር ይጻፋል እንዴ?»

አየችኝ። እኔም ያኔ ነው ነገሩ መታየት የጀመረኝ፣ ዋላሂ።

እኔ ያደግኩት ከብት ገበያ ነው፣ አጎቴ ኑር ጋ። ደላላ ነው። እኛ ጋ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ ላዩ ላይ ሻል ይጣላል፣ ከሻሉ ስር ጣት በጣት እየተጨባበጡ ይከራከራሉ። ሰው ከቦ ቆሞ ምንም አያይም። አንደኛው ጣት ይይዛል፣ ሌላው ይነቅላል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሲስማሙ ሻሉ ይገለጣል፣ የተዘጋው ዋጋ ብቻ ይወራል። ከሱ በፊት የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ከሻል ስር የሚወጣ ሰው ካለ ገበያው ሳምንት ይስቅበታል። እኔ ደግሞ ጨርቅ ጭንቅላቴ ላይ ሲወድቅ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም።

«የጀርመኗንስ?» አለች ቲቸር፣ በጣም ቀስ ብላ። «ለእሷም እንዲህ ተከራከርክላት?»

ቱቦውን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ።

«ሊባን።»

«ለእሷ ዝቅ ያለውን ነበር የምወስድላት። ምን ትሆናለች፣ እሷ እንደሆነ የተከበረች ናት። ካሮቱን ግን ማንም የለውም።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ለካ እየሳቀች ነው፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ።

«ካሮቱ በለጠ ብዬ ለዶክተሩ ጽፌለታለሁ» አለች። «እሱም ለአለቆቹ ሪፖርት አድርጓል።»

ብልቃጦቹ ፍሪጅ ውስጥ አሉ፣ ሃያ አራቱም። እንደገና ሊነበቡ ይችላሉ። «እኔ ላንብባቸው፣ አሁን ገብቶኛል» ብላት «አንተማ ካሮቱን አግብተኸዋል» አለች።

«አንቺ አንብቢያ።»

«እኔም እንዲያሸንፍ ነው የምፈልገው። እኔም አልታመንም።» ዓይኗን አሸች። «የማይገደው ሰው ነው የምንፈልገው። የትኛው ካሮት፣ የትኛው ጀርመን እንደሆነ የማያውቅ፣ ቢያውቅም ደንታ የሌለው።»

ደንታ የሌለው ሰው አንድ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት አጎቴ ኑርን ይዤ መጣሁ። ስልሳውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ፍየል ከሩቅ አይቶ ግራ ዓይኗ ሊታመም ነው የሚል ሰው ነው። ጺሙን ሂና ስለሚቀባ መልኩ ራሱ የካሮት ነው፤ ለቲቸር ይሄ ምንም ማለት አይደለም አልኳት። አማርኛው የገበያ ነው። ሴቱንም ወንዱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው፣ ሚኒስትር ቢመጣም ያው ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ «ወሪያ» የምትል የሶማሊኛ «ስማ» ይጨምርበታል። መንገድ ላይ የሰራሁትን ስነግረው ማጅራቴን በመዳፉ አቀመሰኝ።

«ደላላ የዘመዱን ከብት ይይዛል? ለሌላ ደላላ ነው የሚሰጠው! ይሄንን አላስተማርኩህም?»

«ካሮት ዘመዴ አይደለም እኮ አዴር።»

«ሶስት ቀን አቅፈህ ከዋልክ ዘመድህ ነው።»

አዴር ማለት በእኛ አጎት ነው። ቲቸርም እየሰማች አዴር ትለው ጀመር። የብልቃጦቹን ስም ሁሉ በፕላስተር ሸፍና፣ ፊደል ጽፋ፣ ደባልቃ ጠበቀችን። እኔ እንዳላይ ወደ ውጪ አስወጣችኝ፣ ሲያልቅ አስገባችኝ። አደራረጉ እንዲህ ሆነ። አዴር ጨርቁ ስር ይገባል፣ ያዞራል፣ ሁለቱ ጎን እኩል ሲሆንለት «ተዘጋ» ይላል። ቁጥሩን ከውጪ በኩል ቲቸር አጎንብሳ ታነባለች፣ ትጽፋለች። እሱ ቁጥሩን አያይም። ከዛ ማዞሪያውን ታበላሽበታለች፣ እንደገና ይጀምራል።

«ተዘጋ። ስንት ሆነ?»

«አይነገርዎትም አዴር።»

«አንተ! አርባ ዓመት ስደልል ዋጋ ሳላውቅ ዘግቼ አላውቅም!»

«ለዛ እኮ ነው የፈለግንዎት።»

«ማነው ሻጩ?»

«እሱም አይነገርም።»

«ገዢውስ?»

ቲቸር ትንሽ አሰበች። «እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«እንዲህ የደከመው ገዢ አይቼ አላውቅም» አለ አዴር፣ ተመልሶ ገባ።

ሃያ አራት ብልቃጥ ሶስት ሶስት ጊዜ፣ ሰባ ሁለት። በመሃል ቱቦውን ማጠብ፣ ማድረቅ፣ እሱ የኔ ስራ ነው። መብራት ሄደ፣ ጀነሬተር ተነሳ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ፣ ሄጄ አመጣሁ። ቢጫው መብራት ጠፍቶ ሲበራ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ጨርቁ ስር ሙቀቱ ዳቦ ይጋግራል፣ አዴር ሲወጣ ሂናው በላብ ወደ ሸሚዙ ወርዶ ነበር። የበርጫ ሰዓቱ አለፈበት። ጓደኞቹ ሶስቴ ደወሉ፣ ሶስቴም «ስራ ላይ ነኝ» አላቸው፣ ምን ስራ ሲሉት ዘጋባቸው። «ይሄ ስራ አይደለም» አለኝ። «ቅጣት ነው። የማን ጥፋት እንደሆነ ነው ያልገባኝ።» ማጅራቴን ሲያይ ትዝ አለው።

ረቡዕ ከሰዓት ሰባ ሁለተኛው ተዘጋ። ቲቸር ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ላጠች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከተተች። ዳር ያለው ዜሮ ሁሉ ጠፋ። የጀርመኗ አርባ፣ አንዱ ከሌላው ብዙ ሳይርቅ፣ ሁሉም እንደ ወታደር ተሰልፎ። የካሮቱ ሠላሳ ሁለት፣ አንዱ ሃያ ስድስት፣ አንዱ ሠላሳ ሰባት፣ የተበተነ መንጋ።

«ተሸነፈ» አልኩ።

«ተሸነፈ» አለች። «መጥፎ ግን አይደለም። ለገበያ ካሮት በጣም ጥሩ ነው። ግን አልበለጠም።»

አዴር ጥግ ላይ ኮቱን አንጥፎ ተኝቷል። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የድሮውን ስጪው» አልኳት። «ቁጥሮቹን ትንሽ ነካ ነካ እናደርጋቸዋለን፣ ዜሮው ይጠፋል። እሱ ደስ ይለዋል፣ ይፈርማል፣ አንቺ ሽንሌ አትሄጂም። ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ።»

«እኔ ማነኝና?»

«አንባቢው ነሃ» አለችና ከጀሪካኑ ውሃ ቀድታ ፊቷን ታጠበች። ብዙ ቆየች ስትታጠብ።

ሐሙስ ዶክተር ሀብተየስ መጣ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቀጭን፣ ሸሚዙ የተጨማደደ፣ አውሮፕላኑ ዘግይቶበት ሌሊት ተነስቶ ከሰዓት የደረሰ፣ ቦርሳው ውስጥ የሌሎች ተማሪዎች ወረቀት የተጠቀጠቀ ሰው ነው። አዴርም ነበር፤ የትናንትናው ስራዬ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልሄድም ብሎ በርጩማ ላይ መፋቂያውን ያኝካል። ቲቸር አዲሱን ወረቀት ሰጠችው። የኔንም ጉድ ሳትደብቅ ነገረችው፣ ክርክሩን፣ የተዘጋውን፣ ሁሉንም። ዶክተሩ ዞሮ እኔን አየኝ፣ ምግብ ላይ ያረፈ ዝንብ እንደሚታይ።

«ሀይማኖት፣ እኔ እኮ ሪፖርቱን ልኬያለሁ። ርዕሱ ራሱ ካሮቱ በለጠ ነው የሚለው።»

«ይቅርታ ዶክተር። ርዕሱ መቀየር አለበት።»

«እነዚህን ቁጥሮች ያነበበው ማነው?»

ወደ አዴር አሳየችው። አዴር በመፋቂያው ሰላም አለው።

ዶክተሩ ተቀመጠ። መነፅሩን አወለቀ፣ አፍንጫውን ያዘ። ከዛ ተነሳ።

«አንድ የካሮት ብልቃጥ ስጪኝ፣ ሠላሳ ሰባት ከሰጠው። ራሴ አነበዋለሁ። ሶስቴ። አርባ ከገባ አዲሱ ንባብ ነው የተሳሳተው፣ የድሮውን ይዘን እንቀጥላለን። ካልገባ ያንቺን አዲሱን እዚሁ እፈርመዋለሁ፣ ጉዳዩ አለቀ።» እስክሪብቶውን አውጥቶ አዲሱ ወረቀት ላይ አስቀመጠው፣ ጨርቁን ጭንቅላቱ ላይ ጣለ።

ቲቸር እርሳስ ያዘች። ጀነሬተሩ ከውጪ ያጓራል።

«ሠላሳ ሶስት» አለ ዶክተሩ ከጨርቁ ስር።

ጻፈች።

«ሠላሳ።»

ጻፈች።

«ሠላሳ አራት።»

ጻፈች፣ እርሳሱን አስቀመጠች። ሶስት ሞላ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አለ፣ እኔ እሱን ነው የማየው። ጨርቁ ግን አልተገለጠም። ማዞሪያው እንደገና ቅጭ፣ ቅጭ ሲል ሰማሁ።

«አንዴ ቆዪ፣ ዓይኔ ገና ጨለማውን አልለመደም... ሠላሳ አምስት።»

ቲቸር እርሳሱን አላነሳችም። እኔ ያንን የጎበጠ ጀርባ አውቀዋለሁ። ሁለት ወር እንደዛ ነበር የተቀመጥኩት፣ ትከሻ ወደ ፊት፣ ክርን ጠረጴዛው ላይ።

«ሠላሳ ሰባት። እየመጣ ነው፣ አንዴ ብቻ...»

አዴር መፋቂያውን ኪሱ ከተተ። ተነሳ። ማንም ሳያስቆመው ጠረጴዛው ጋ ደረሰ፣ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቱ አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ዶክተሩን ፊት ለፊት አየው።

«ወሪያ አንተ፣ ካሮቱ ዘመድህ ነው?»